ደረጃ የሚወጣ ልብ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ "እንግዲህ አሁን ሐሳብሽን ጥለሽ ትተኛለሽ" አለችኝ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አልሆነም። ባቡር ውስጥ ፊት ለፊቴ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ዓይኔ አንገቱ ላይ የሚመታውን ሥር ይፈልጋል። አንድ ሽማግሌ ሻንጣ ይዘው የጣቢያ ደረጃ ሲወጡ ካየሁ መንገዴን ትቼ ጫፍ እስኪደርሱ እቆማለሁ። እሳቸው ደርሰው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ፤ እኔ ቆሜ እቀራለሁ።

ሥራዬን ለዘመዶቼ በስልክ ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኝ ነበር። ሐኪም አይደለሁም። ነርስ ነበርኩ፤ ግን ሰው እንደሚያውቃት ዓይነት ነርስ ሆኜ ብዙ አልቆየሁም። ልባቸው ቀስ ብሎ ለሚመታ ወይም መምታት ለሚረሳ ሰዎች፣ ከትከሻ ዝቅ ብሎ ቆዳ ሥር፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ማሽን ትቀበርላቸዋለች። ፔስሜከር ትባላለች። ከእሷ የሚወጣ ቀጭን ሽቦ ልብ ውስጥ ገብቶ፣ ልብ ሲዘገይ ይቀሰቅሰዋል። የሚቀብራት ሐኪሙ ነው። ከተቀበረች በኋላ ያሉት ዓመታት ግን የእኛ የቴክኒሻኖቹ ናቸው።

ጤነኛ ልብ ባለቤቱ ሲተኛ ይዘገያል፣ ደረጃ ሲወጣ ይፈጥናል፤ ማንም አያዘውም። ማሽኗ ግን መታዘዝ አለባት። ደረት ሲነቃነቅ የምትሰማበት ነገር አላት፤ እሱን ሰምታ "ይህ ሰው እየሄደ ነው" ትልና ምቱን ትጨምራለች። ስንት መነቃነቅ ሲደርስ ትቀስቀስ? በምን ፍጥነት ትጨምር? እስከ የት ትድረስ? ሰውየው ሲያርፍስ ቶሎ ትመለስ ወይስ ቀስ ብላ? ይህን ሁሉ ከውጭ ሆነን፣ ደረት ላይ በሚደገፍ ማንበቢያና በኮምፒዩተር እንነግራታለን። የሥራ ዘመኔ ያለቀው እነዚህን አራት ጥያቄዎች በመመለስ ነው። አንዱን ቁጥር በትንሹ ከፍ ሲያደርጉት ሰው ጉልበት ያገኛል፤ ትንሽ ሲያልፉት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እንደሮጠ ሰው ያልበዋል። ጣቴ አንድም ቀን ሳልፈራ ቁልፍ ተጭኖ አያውቅም።

ጄኔቭ የመጣሁት ባለቤቴን ግርማን ተከትዬ ነው። እሱ ፓኪ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካሉት ርካሽ ሆቴሎች በአንዱ ወጥ ቤት ይሠራ ነበር። እኔ አዲስ አበባ በነርስነት ሠርቼ ነው የመጣሁት፤ ዲፕሎማዬን የሚመረምሩት ሰዎች ወረቀት በወረቀት ላይ ሲጠይቁኝ፣ እስከዚያው ላንሲ በሚባለው የከተማው ዳርቻ በሚገኝ የአረጋውያን ቤት ሽማግሌዎች አጥብና አለብስ ነበር።

እዚያ ቤት አንዲት ሴት ባለ ጎማ ሻንጣ እየጎተተች አልፎ አልፎ ትመጣለች። ማዳም ሲልቪ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሁልጊዜ የስፖርት ጫማ የምታደርግ። ሆስፒታል መሄድ የማይችሉትን ሽማግሌዎች ፔስሜከር የምትመረምረው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ስለ አንድ ሰውዬ፣ "ደኅና ናቸው? ይሄዳሉ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ይሄዳሉ" አልኳት። "ግን ኮሪደሩ መሃል ላይ ሲደርሱ ቆመው ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ያያሉ።"

"ሥዕል ይወዳሉ?"

"ሥዕሉ አንድ ነው፤ ተቀይሮ አያውቅም። የሚቆሙት ትንፋሽ አጥሯቸው ይመስለኛል። ሰው እንዳያውቅባቸው ሥዕል የሚያዩ ይመስላሉ።"

ማዳም ሲልቪ ሻንጣዋን ሳትከፍት መጀመሪያ ከሰውየው ጋር ኮሪደሩን ሄደች። ሥዕሉ ጋ ሲቆሙ እሷም ቆማ፣ እንደ ወዳጅ ክንዳቸውን ይዛ፣ በጣቷ የልባቸውን ምት ቆጠረች። በዚያው ቀን ማሽናቸውን አስተካከለች። ወጥታ ስትሄድ ስሜን ጠየቀችኝ፤ ዲፕሎማዬ ሲጸድቅ ሆስፒታሏ እንድመጣ ነገረችኝ። ሄድኩ። ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ስለ ማዳም ሲልቪ ልማዶች ብዙ ማውራት እችላለሁ። ማንበቢያውን በሽተኛው ደረት ላይ ከማድረጓ በፊት በሁለት መዳፎቿ ይዛ ታሞቀዋለች። ቁልፍ ከመጫኗ በፊት ምን ልታደርግ እንደሆነ ጮክ ብላ ለበሽተኛው ትናገራለች፤ ስትጫን ደግሞ ዓይኗ ከኮምፒዩተሩ ይልቅ ፊቱ ላይ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይርም። "ሁለት ነገር ቀይረሽ ሰውየው ቢሻለው የቱ እንዳሻለው አታውቂም፤ ቢብስበትም የቱ እንዳባሰው አታውቂም" ትለኝ ነበር። "ምን ያምምዎታል?" ብላ ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም። የምትጠይቀው "ምን ማድረግ ፈልገው ነው ያቃትዎት?" ብላ ነው። መልሱ ደረጃ ከሆነ ደረጃ ታስወጣለች፤ ብስክሌት ከሆነ ወደ ማገገሚያው ክፍል ወስዳ ብስክሌት ታስነዳለች። የክፍሉ ኃላፊ ጊዜ ታባክናለች እያለ ይነጫነጭ ነበር። እሷ ትሰማዋለች፤ ከዚያ ቀጣዩን በሽተኛ ይዛ ወደ ደረጃው ትሄዳለች።

ወይንሸት ወደ እኛ የመጣችው እኔ ሥራውን ገና እየለመድኩ ሳለሁ ነው። ከሐይቁ በላይ ባለው ሰፈር አንድ ዲፕሎማት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ስገባ ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣ "ሲስተር፣ አማርኛ ይችላሉ አይደል?" አለችኝ።

"እችላለሁ። አንቺ በይኝ።"

"እሺ። እንግዲያው ስሚኝ። ስወጣ አልችልም፤ ስወርድ ደግሞ ልቤ ሊፈነዳ ይደርሳል።"

"ስትወርጂ?"

"ስወርድ። የተገላቢጦሽ ሆነብኝ። የልብስ ቅርጫት ይዤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ባዶ እጄን ስወርድ ልቤ ይሮጣል። ላለፈው ሐኪም ስነግረው ጭንቀት ነው አለኝ። ጭንቀትማ አለ፤ የሌለበት ማን አለ? ግን ጭንቀት መውጣትና መውረድ ይለያል?"

ጭንቀቷን በኋላ ነገረችኝ። ራሷን ስታ የወደቀችው አሠሪዎቿ ለዕረፍት አገራቸው ሄደው በነበሩበት ሰሞን ነው። ማሽኗ ሲቀበርላትም አልነበሩም፤ ሲመለሱም አልነገረቻቸውም። የመኖሪያ ካርዷ የተሰጣት በእነሱ በኩል ስለሆነ፣ ሥራውን ካጣች ካርዱንም ታጣለች። ስለዚህ ሦስት ፎቅ ባለው ቤት ውስጥ ትንፋሿን እየደበቀች ትሠራለች። ደረጃው መሃል ሲደክማት ቅርጫቱን አስቀምጣ የደረጃውን እንጨት የምትወለውል ትመስላለች።

ለማዳም ሲልቪ ሁሉንም ተረጎምኩላት። እሷ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ይመስል፣ "ቅርጫቱ ይከብዳል?" አለች። ከመጋዘን አንሶላ አምጥታ በትልቅ ከረጢት ሞላች፤ ለወይንሸት አሸከመቻትና ሦስታችን ወደ ሠራተኞች ደረጃ ሄድን። እኔ የወይንሸትን እጅ ይዤ ምቷን እየቆጠርኩ አብሬያት ወጣሁ። ጫፍ ስንደርስ ከንፈሯ ነጥቷል፤ ምቷ ግን ወንበር ላይ ተቀምጣ ከነበረችበት ብዙም አልተነሳም። ከረጢቱን አስቀምጠን ስንወርድ ከጣቴ ሥር ምቷ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄደ። ታች ስንደርስ የሮጠ ሰው ልብ ነበር።

"ጭንቀት አይደለም፤ እውነቷን ነው" አለች ማዳም ሲልቪ። ለወይንሸት ያስረዳኋት እንዲህ ብዬ ነው፤ ሰው ሸክም ይዞ ሲወጣ እግሩን ቀስ አድርጎ ነው የሚያሳርፈው፤ ደረቱ ብዙም አይነቃነቅም። ሲወርድ ግን ተረከዙ እያንዳንዱን ደረጃ ይመታል፣ ደረቱ ይንዘፈዘፋል። ማሽኗ የምታውቀው መነቃነቅን ብቻ ስለሆነ፣ መውረዱን ሩጫ፣ መውጣቱን ዕረፍት አድርጋ ትቆጥረዋለች።

ወይንሸት ሳቀች። "እንደ እትዬ ናታ! ስደክም አታይም፤ ስቀመጥ ነው የምታየኝ።"

ማዳም ሲልቪ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። "አንቺ ሥሪው" አለች። ያገሬን ሰው ልብ ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር። በሐሳቤ ወይንሸት ያንን የተወለወለ ደረጃ ቅርጫት ይዛ ስትወጣ፣ እኔ በሰጠኋት ቁጥር ልቧ ተሳስቶ ስትወድቅ፣ አሠሪዋ በላይዋ ቆማ "ይህ ምንድነው?" ስትል አየሁ። አንዱን ቁጥር፣ ማሽኗ ለመነቃነቅ ያላትን ንቃት፣ ከፍ አደረግኩ። ደረጃውን ደግመን ወጣን። መውጣቱ ትንሽ ተሻለ፤ መውረዱ ግን ባሰ፤ ወይንሸት መሃል ላይ ቆማ ደረቷን ያዘች። ወደ ክፍሉ ተመልሰን እንደነበረ አደረግኩት። እንዲያውም ከነበረበት ዝቅ አደረግኩት። ከዚያ ማዳም ሲልቪ ኮምፒዩተሩ ላይ ወደ አንድ የተዘጋ መስመር ጠቆመችኝ። የወይንሸት ማሽን ሁለተኛ ጆሮ ነበራት፤ ትንፋሽን የምትከታተል። ከፋብሪካ የመጣችው ተዘግታ ነው፤ ማንም አልከፈታትም ነበር።

ከፈትናት። የወይንሸትን የዕረፍት ትንፋሽ እስክትለምድ ጸጥ ብለን ተቀመጥን። ከዚያ እንደገና ከረጢቱን ተሸክማ ወደ ደረጃው። በዚህ ጊዜ ገና ከመጀመሪያው ዙር ትንፋሿ ሲጨምር ምቷ አብሮት ተነሳ። ከጣቴ ሥር፣ ቀስ እያለ፣ ማንም እንዳላዘዘው ልብ። እኔ ደረጃውን ሳይሆን ምቱን እየተከተልኩ ስለነበር ጫፍ መድረሳችንን አላወቅሁም። ወይንሸትም አላወቀችም። ከረጢቱን እንደያዘች ወደ ላይ አይታ፣ "አለቀ?" አለችኝ።

ለቀጣዩ ቀጠሮዋ ስትመጣ ፊቷ ሞልቶ ነበር። "ሲስተር፣ ምን እንዳደረግሽኝ ታውቂያለሽ? እትዬ እንደበረታሁ አይታ የእንግዳ ክፍሎቹን ፎቅ ጨመረችብኝ።"

እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ደነገጥኩ። የሰጠናትን ጉልበት ሌላ ሰው እየወሰደው ነው ማለት ነው። ለማዳም ሲልቪ ነገርኳትና "ትንሽ ዝቅ እናድርግላት ይሆን? እንዳይጨርሷት" አልኳት።

"እንዲሻላት የጠየቀችሽ ማን ናት? እሷ ወይስ አሠሪዋ?"

"እሷ።"

"ታዲያ ስለ ፎቁ እሷ ትወስን።"

ወይንሸት ወሰነች። በሚቀጥለው ስትመጣ፣ "ፎቁን እሠራለሁ፤ እሑድን ግን ከእንግዲህ አልሠራም ብዬ ነገርኳቸው" አለችኝ።

"ምን አሉሽ?"

"ያን ሁሉ ጊዜ ከእትዬ ጋር ስነጋገር ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ 'እሺ እትዬ' ብቻ ነበር የምለው። ያን ቀን ዓረፍተ ነገሩን ጨረስኩት። ጨርሼ ስናገር የሰማችኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። እሺ አለች።"

ግርማ ዙሪክ አካባቢ በባቡር ጥገና ጋራዥ የተሻለ ሥራ ሲያገኝ ወደ ኡስተር ተዛወርን። በዚያ ዕድሜዬ ጀርመንኛን ከሀ ጀመርኩ፤ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ጀርመንኛ ሌላ፣ በሽተኛው የሚናገረው ሌላ። ዙሪክ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ፔስሜከር ክፍል ገባሁ። ሁሉም ነገር ንጹሕና ፈጣን ነበር። ደረጃ የሚያወጣ ሰው የለም፤ ክፍሉ ውስጥ መሄጃ ማሽን አለ፤ በሽተኛው እሱ ላይ ይራመዳል፣ ቁጥሩ ይታያል፣ ያበቃል። ምቹ ነው። ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ግን ሰው ሥዕል አያይም።

ሄር ኬለር፣ በእኛ አቶ ኬለር፣ የምላቸው ሰው የመጡት እዚያ ነው። ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሰፊ ትከሻ፣ ትልልቅ እጆች፣ ጥቂት ቃል። ፔስሜከር ከገባላቸው ቆይቷል። በየመጸው ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ተራራ ይወጣሉ፤ ከላይ ባለችው የእንጨት ማረፊያ ሾርባ ጠጥተው ያድራሉ። እንደ ማዳም ሲልቪ፣ "ምን ማድረግ ፈልገው ነው ያቃትዎት?" አልኳቸው።

"መጠበቅ መረረኝ" አሉ።

"ማንን ይጠብቃሉ?"

"እኔ አልጠብቅም። እኔን ነው የሚጠብቁኝ። በየመታጠፊያው ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ስደርስ ተነሥተው 'ይኸው መጣ' ይላሉ። እነሱ አርፈዋል፤ እኔ አላረፍኩም፤ እንሄዳለን።"

ደረታቸው ላይ ሕመም ተሰምቷቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "የለም" አሉ። ሐኪሙም ጠየቃቸው፤ ለሱም "የለም" አሉ። የማሽናቸው የላይኛው ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለነበር፣ ልባቸው ዳገት ላይ የሚፈልገውን ያህል መሄድ አልቻለም። ሐኪሙ ከፍ እንዲል ፈቀደ። በመሄጃው ማሽን ላይ አቆምኳቸው፤ ሰሌዳውን አዘነበልኩ፤ ሳይቸግራቸው ሄዱ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ትንሽ እንድጨምር ጠየቁ። ሐኪሙ አሁንም ፈቀደ። ሲወጡ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እዚህ አገር ይህ ብዙ ነው። እኔ ግን ያን ሰሞን በሄድኩበት ሁሉ ተራራ ይታየኝ ነበር። ምን እንደምፈራ ባውቅ ለሐኪሙ በነገርኩት፤ አላውቅም ነበር።

በመጸው መጨረሻ ሴት ልጃቸው ደውላ መጣች። ሄር ኬለር በዚያ ጉዞ ላይ ከጓደኞቻቸው ቀድመው ነበር የሚሄዱት። ከማረፊያዋ በታች ባለው ዳገት ላይ ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሄሊኮፕተር አወረዳቸው። ልብን የሚመግቡት ሥሮች ጠበው ኖሯል። ልቡ ቀስ ብሎ ሲሄድ የጠበበው ሥር ይበቃዋል፤ ሲፈጥን ግን አልበቃውም። ሰውየው ተረፉ፤ የልባቸው ግድግዳ አንድ ክፍል ግን ሞተ።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ፣ "ዝግ ብሎ መሄዱ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው" አለች። "እናንተ ናችሁ ያፈጠናችሁት።"

ሐኪሙ ውሳኔው የእሱ እንደነበረ፣ የተጠየቀው ሁሉ ተጠይቆ፣ የተለካው ሁሉ ተለክቶ እንደነበረ ነገራት። እውነቱን ነው። ጉዳዩን የመረመሩትም ጥፋት አላገኙም። ሄር ኬለር ራሳቸው ወር ያህል ቆይተው በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ሲመጡ፣ "የጠየቅሁት እኔ ነኝ" አሏት በፊቴ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ "አሁን ዝቅ አድርጊው። ከእንግዲህ የትም አልሄድም" አሉ። ዝቅ አደረግኩት። ማንበቢያውን ከደረታቸው ሳነሣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ጓደኞቻቸው አሁንም ይጠይቋቸው እንደሆነ መጠየቅ ፈልጌ አፌ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት የማስታውሰው በብርድ ነው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የመጣውን ሁሉ ሐኪሙ ከፈቀደው በታች አደርገዋለሁ፤ "ለጊዜው በዚህ እንይ" እላለሁ። ሰዎች ደክሞናል እያሉ ተመልሰው ሲመጡ፣ ደክመው መምጣታቸው ያጽናናኝ ጀመር። ደክመውም ቢሆን መጥተዋላ። ግርማ፣ "አንቺ ሰው፣ እንጀራ ስትቆርሺ እንኳ ትለኪያለሽ" ሲለኝ ጄኔቭ ደውዬ ማዳም ሲልቪን አገኘኋት።

ያኔ ጡረታ ወጥታ ነበር። ጄኔቭ ስደርስ ጣቢያ መጥታ ተቀበለችኝና ወደ አሮጌው ከተማ ዳገት ወሰደችኝ። ጉልበቷ ታሞ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ግን መኪና አንያዝ አለች። እየወጣን ሁሉንም ነገርኳት።

"ሕመም አለዎት ወይ ብለሽ ጠይቀሻቸዋል?"

"ጠይቄያለሁ። የለም አሉ።"

"እንግዲያው ወይ አላወቁትም፣ ወይ ደብቀውሻል። ሁለቱም ያጋጥማል። ተራራ የፈለገ ሰው ተራራ የሚያስከለክለውን ነገር አይናገርም።"

"እርስዎ ቢሆኑ ያውቁባቸው ነበር።"

"አላውቅባቸውም ነበር።" ቆመች፤ ግድግዳ ተደገፈች። "እኔም እንዲህ ያለ ሰው ነበረኝ። ስሙን አልነግርሽም። አሁን ግን የምትሠሪውን ንገሪኝ። ሁሉንም ዝቅ ታደርጊያለሽ?"

"አዎ።"

"ዝቅ የሚሉት እነሱ ናቸው፤ የምትታከሚው ግን አንቺ ነሽ።"

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው፤ ከዚያ ክንዴን ይዛ መውጣቷን ቀጠለች። በማግስቱ ዙሪክ ተመልሼ ሥራ ገባሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ግን መሄጃ ማሽኑን ትቼ ኮሪደሩ ጫፍ ያለውን ደረጃ መጠቀም ጀመርኩ፤ ከበሽተኛው ጋር አብሬ እወጣለሁ፤ ዓይኔን ፊቱ ላይ አደርጋለሁ፤ ዝም ካለ ለምን ዝም እንዳለ እጠይቃለሁ። ሥር የጠበበባቸውን ሁለት ሰዎች በዚያ ደረጃ ላይ ደርሰንባቸዋል። የሄር ኬለርን ልብ ግን አልመለሰልኝም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራው ተቀየረ። አሁን አልጋ አጠገብ የምትቀመጥ ትንሽ ሣጥን አለች፤ ሰውየው ተኝቶ ሳለ ፔስሜከሯ ያየችውን ሁሉ ለሆስፒታሉ ትልካለች። በሽተኛ ብዙ አይመጣም፤ የልቡ ምት ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው መስመር ነው የሚመጣው። ጥሩ ነገር ነው፤ ከሞት ያተረፈቻቸውን አውቃለሁ። እኔ ግን ፊት የሌለው መስመር ፊት ለፊት ስቀመጥ የምይዘው ጠፋኝ። ጊዜው ደረሰና ወጣሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሳይሞላ ግርማ የልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ወርዶ ዘገየ። ወርጄ ሳየው የልብስ ቅርጫቱ ላይ ተቀምጧል። ላብ አጥምቆታል፤ ግንባሩ ቀዝቅዟል። እጁን ያዝኩ። ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ያለው ጊዜ እንዴት እንደረዘመ ልነግራችሁ አልችልም። በዚያው ሳምንት ፔስሜከር ገባለት።

እኔ በሠራሁበት ክፍል እንዲታይ አልፈለግሁም። እዚያ ቢሆን ወንበሩን ይለቁልኝ ነበር፤ የባሌን ልብ በራሴ ጣት መንካት ደግሞ አልችልም። ሌላ ሆስፒታል ወሰድኩት፤ ሥራዬ ምን እንደነበረ እንዳይናገርም አስማልኩት።

መጀመሪያ ላይ ደኅና ነበር። ከዚያ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ዝም ማለት ጀመረ። ግርማ ዙሪክ ባለው ማኅበራችን ውስጥ ከበሮ መቺ ነው። ከጄኔቭ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ መዝሙር ሲጀመር ከበሮውን አንገቱ ላይ ያጠልቃል፤ ሕፃናቱ ሁሉ እሱን ያያሉ። አንድ እሑድ መዝሙሩ ሳያልቅ ከበሮውን አውልቆ ለሌላ ሰው ሰጠ። ተቀመጠ። እጁን ሸሚዙ ሥር ከትቶ ደረቱን ያዘ።

ባቡሩ ውስጥ፣ "ምን ተሰማህ?" አልኩት።

"ምንም።"

"ግርማ።"

"ደክሞኝ ነው አልኩሽ እኮ።"

ምን እንደሆነ ገባኝ። የከበሮው ማንጠልጠያ ማሽኗ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ከበሮው ደግሞ በእያንዳንዱ ምት ደረቱን ያርገበግበዋል። ማሽኗ ባለቤቷ ተራራ እየሮጠ የሚወጣ መስሏታል። እሱም የገባው ይመስለኛል። የፈራው ግን ልቡን አልነበረም፤ ከበሮውን ተው እንዳይሉት ነው። እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነው። ደግሞስ የሆስፒታሉ ሰዎች ቆም ብለው ሳይሰሙት፣ የማሽኗን ጆሮ ጨርሰው ቢዘጉበት፣ ቤታችን ያለበትን ዳገት በምን ይወጣል?

የምታየው ቴክኒሻን ላውራ ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ ጥፍሮቿ አጫጭር። እኔ ጥግ ያለው የቤተሰብ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ማንበቢያውን ሳታሞቅ ደረቱ ላይ አደረገችው፤ ግርማ ትንሽ ሸሸ። ላውራ መስመሩን አየችና፣ "ሄር ግርማ፣ እሑድ እሑድ ቀትር ላይ ምን ያደርጋሉ?" አለች።

"እጸልያለሁ።"

"ጸሎት እንዲህ ያስሮጣል?"

ግርማ ወደኔ አየ። አፌን ልከፍት ደርሼ ነበር። ቃሉ፣ ቁጥሩ፣ የሚቀየረው መስመር ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። እጆቼን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው።

"ከበሮ እመታለሁ" አለ በመጨረሻ። "በአንገት የሚንጠለጠል ነው። ተው የምትሉኝ ከሆነ ግን..."

"ማን ተው አለዎት? እዚህ ይምቱልኝ። ጠረጴዛው ላይ።"

አመነታ። ከዚያ መጀመሪያ በጣቶቹ፣ ቀጥሎ በመዳፉ፣ የበዓል መዝሙር አመታት ጀመረ፤ ደረቱ ከመዳፉ ጋር ይወዛወዛል። ኮምፒዩተሩ ላይ ምቱ ወጣ፣ ወጣ። ላውራ፣ "ይቀጥሉ፣ በርታ አድርገው" እያለች ማሽኗ የምትቀሰቀስበትን የመነቃነቅ ልክ ከፍ አደረገች። ምቱ ወረደ። እኔ ግን አብዝታዋለች አልኩ በልቤ። እንደተናገርኩት ያህል፣ "አሁን ደረጃ እንውጣ" ብላ ይዛው ወጣች። ጥግ ወንበሬ ላይ ብቻዬን ቀረሁ፤ ከደረጃው የሚመጣውን የእግራቸውን ድምፅ እያዳመጥኩ። ተመልሰው ሲገቡ ግርማ ፊቱ አመድ መስሏል። ላውራ አይታዋለች። ተቀምጣ በአንድ እርከን መለሰችው፤ እንደገና ወጡ። በዚህኛው ጊዜ እየተጨዋወቱ ነው የተመለሱት። ጠረጴዛውን ደግሞ መታላት፤ መስመሩ ጸጥ አለ። ማንጠልጠያው በሚያልፍበት ቦታ የታጠፈ ፎጣ እንዲያደርግ ነገረችው።

ሲያበቃ ወደኔ ዞራ፣ "እርስዎስ ጥያቄ አለዎት?" አለችኝ።

"ቤት ስንገባ ምን ልጠብቅ? ምኑን ልይ?"

"ምንም አይጠብቁ። ካልተመቸው እሱ ይነግረናል።"

ባቡሩ ውስጥ ግርማ፣ "እዚያ ለምን አልተናገርሽም?" አለኝ።

"ምን ብዬ ልናገር? ሠራችው እኮ።"

"እንድትናገሪ እየለመንኩሽ ነበር። በዓይኔ። ከበሮውን ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።"

"እኔም ፈርቼ ነበር" አልኩት።

እሑድ ደረሰ። ፎጣውን አጥፌ ሸሚዙ ሥር አደረግኩለት። መዝሙሩ ሲጀመር ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ከንፈሩን እያየሁ ነበር፤ ላቡን፣ ትከሻውን፣ አንገቱን። መዝሙሩ ፈጠነ፤ እሱም አብሮ ፈጠነ፤ ወዲያና ወዲህ እያለ ሕፃናቱ መሃል ገባ። ሌላ ሰው ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ በራሱ ነቅንቆ እንቢ አለው። እስከ መጨረሻው መታ።

ሲያልቅ ወደ እኔ መጣ፤ ይተነፍሳል፣ ግንባሩ ያብረቀርቃል። ምቱን ልይዝ እጄን ወደ አንጓው ዘረጋሁ። ከበሮውን ከአንገቱ አውልቆ በሁለት እጆቼ ላይ አስቀመጠው።

"ይዘሽ ቆዪኝ" አለኝ፤ "ውሃ ልጠጣ።"

ከበሮው ከባድ ነው፤ ቆዳው ገና ሙቅ ነበር። ውሃው ያለው ምድር ቤት ነው። ታቅፌው ቆሜ፣ ግርማ ደረጃውን ሲወርድ፣ ከዚያም ከሰው ጋር እየተጨዋወተ ሲወጣ አየሁት።